የባሕር ኃይሉ ሎኮሞቲቭ ለምን ከግቢው አይወጣም?

በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ኮልትስ ኔክ የምትባል ከተማ አለች። ባሕር አይታይባትም፤ የፈረስ እርባታና የእርሻ መሬት የሚበዛባት ናት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግን ኤርል የተባለውን ትልቅ የጥይት ማከማቻ በ1943 የተከለው እዚያ ነው። መርከቦቹ የሚጫኑት ደግሞ በስተሰሜን፣ ሊዮናርዶ በምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ሳንዲ ሁክ በተባለው ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል 24 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። የሚያገናኛቸው ኖርማንዲ የሚባል፣ በአጥር የተከለለና ሌላ ሰው የማይገባበት አንድ መንገድ ነው። ከመንገዱ ጎን ሐዲድ ተዘርግቷል። ሐዲዱ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ሲደርስም አያበቃም። በምሰሶዎች ላይ በቆመ የመርከብ መጠጊያ ድልድይ እየሄደ ወደ ባሕሩ ውስጥ ይዘልቃል፤ የድልድዩ ርዝመት ብቻ ወደ 4.7 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

መጋዘኑን ከመርከቡ አጠገብ ቢሠሩት ሥራውም ይቀል፣ ወጪውም ይቀንስ ነበር። ያላደረጉት አውቀው ነው። ጥይት ከጥይት፣ ጥይት ከሰው፣ ጥይት ከመርከብ መራራቅ አለበት፤ እንዲህ የተራራቀውን ደግሞ የሚያገናኘው ሐዲድ ነው። የጦር ኃይል ባቡር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መድፍ የተጠመደበትን ብረት ለበስ ባቡር ነው። በባሕር ኃይል ሰፈሮች ያለው ግን አጭር፣ ቀርፋፋ፣ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ፉርጎዎችን እየገፋና እየሳበ የሚመላለስ ሎኮሞቲቭ ነው። ሥራው ሁሉ ጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ የባቡሩም ነገር አይገባምና ወደዚያው እንሄዳለን። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ግን የቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ግራ የሚያጋባው እሱ ነውና። በአሜሪካ ዋና ዋናዎቹ የጭነት ባቡር መሥመሮች የመንግሥት አይደሉም፤ የግል ኩባንያዎች ናቸው። በምዕራቡ ዩኒየን ፓሲፊክና ቢኤንኤስኤፍ፣ በምሥራቁ ሲኤስኤክስና ኖርፎክ ሳዘርን ትልልቆቹ ናቸው። ሐዲዱም፣ ሎኮሞቲቩም፣ ነጂውም የእነርሱ ነው። ፉርጎው ግን የሌላ ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ፉርጎ ጎን የባለቤቱ ምልክት በፊደላት ይጻፋል፤ ምልክቱ በኤክስ ፊደል የሚያበቃ ከሆነ ባለቤቱ የባቡር ኩባንያ አይደለም ማለት ነው። ዲኦዲኤክስ የሚል የተጻፈበት ፉርጎ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ነው፤ ዩኤስኤንኤክስ የሚለው ደግሞ የባሕር ኃይሉ ነው።

ጦሩ የራሱን ፉርጎ የሚገዛው ሌላው ገበያ የማያቀርበው ዓይነት ስለሚያስፈልገው ነው። ሁለት ከባድ ታንክ የሚሸከም ባለ ስድስት አክስል ጠፍጣፋ ፉርጎ ለስንዴ ነጋዴ ምንም አይጠቅመውም። የግል ኩባንያም ጦርነት እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሥራ አስፈትቶ አያስቀምጥም። ስለዚህ መንግሥት ገዝቶ ያስቀምጠዋል፤ ሲያስፈልግ የግል ሎኮሞቲቭ እየጎተተው አገር ያቋርጣል። ለዚህ ተብለው የተመረጡና ሁልጊዜ ዝግጁ እንዲሆኑ ክትትል የሚደረግባቸው የግል መሥመሮች አሉ፤ ተደምረው ከ60,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ። የሐዲዱ ስፋት በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው አዲሱ መሥመር ያለው ስፋት ነው። ለዚህ ነው ፉርጎ ከጦር ሰፈር ሐዲድ ወደ ኩባንያ ሐዲድ ያለ ምንም ማራገፍ የሚሻገረው።

እንግዲህ የጦር ኃይሉ ፉርጎ አገር ሲዞር የጦር ኃይሉ ሎኮሞቲቭ ግን ከግቢው አይወጣም። ለምን?

ነገሩ ያለው በሩ ላይ ነው። የኩባንያው ባቡር የጥይት ፉርጎዎችን ይዞ እስከ ጦር ሰፈሩ በር ይመጣል። እዚያ መረካከቢያ ሐዲድ አለ። የኩባንያው ሎኮሞቲቭ ፉርጎዎቹን ፈትቶ ትቶ ይሄዳል፤ የሰፈሩ ሎኮሞቲቭ መጥቶ ይቀጥልና ወደ ውስጥ ይስባል። የአሜሪካ ጦር ኃይሎች የፈንጂ ደኅንነት ደንብ ስለዚህ ቦታ የሚለው ነገር አለ። መረካከቢያው ለመረካከብ ብቻ እስካገለገለ ድረስ ከቤትና ከመንገድ ይህን ያህል ይራቅ የሚለው ጥብቅ ግዴታ አይመለከተውም። ፉርጎው እዚያ ማደር ከጀመረ ግን ቦታው መጋዘን ሆነ ማለት ነው፤ የመጋዘን ሕግ ሁሉ ይወድቅበታል። የኩባንያ ሎኮሞቲቭ እስኪመለስ መጠበቅ ስለማይቻል፣ ሰፈሩ በማናቸውም ሰዓት ተነሥቶ ፉርጎውን የሚያነሣ የራሱ ሎኮሞቲቭ፣ የራሱ ነጂና የራሱ ሐዲድ እንዲኖረው ግድ ሆነ። ከሁሉም ደንቦች ይህን ይበልጥ አከብረዋለሁ፤ የቆመ ፉርጎ ከሚሄድ ፉርጎ የበለጠ አደገኛ መሆኑን የተረዳ ሰው የጻፈው ነውና።

የቆመ ፉርጎ ምን እንደሚያደርግ ኒው ዮርክ አይታዋለች። በ1916 ሐምሌ መጨረሻ፣ ከነፃነት ሐውልት ፊት ለፊት ባለችው ብላክ ቶም በተባለች የጭነት ወደብ፣ ወደ አውሮፓ ጦርነት የሚሄድ ጥይት በባቡር ፉርጎዎችና በጀልባዎች ላይ አድሮ ነበር። ወደቡም መሥመሩም የግል ኩባንያ ነበር። የጀርመን ሰላዮች ሌሊት እሳት ለኮሱበት። ፍንዳታው በማንሃተን መስኮት አረገፈ፤ የነፃነት ሐውልት ችቦ ከዚያ ወዲህ ለጎብኚ ተዘግቶ ቀርቷል። በ1950 ደግሞ በዚያው በኒው ጀርሲ፣ ሳውዝ አምቦይ ላይ፣ ከባቡር ፉርጎ ወደ ጀልባ ሲገለበጥ የነበረ ፈንጂ ተነሥቶ 31 ሰዎች ሞቱ። ያም የሲቪል ወደብ ነበር። ኤርልን የመሰለ ሰፈር ከእነ 24 ኪሎ ሜትር ሐዲዱ ከከተማ የራቀው እንዲህ ያለውን ለመከላከል ነው።

ርቀቱ እንዴት ይሰላል? ስሌቱ ውስብስብ አይደለም። የፈንጂው ክብደት ስምንት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ርቀት ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ 27 እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ሦስት እጥፍ። ዋናው ጥያቄ ግን ክብደት ተብሎ የሚቆጠረው የትኛው ነው የሚለው ነው። ተጠጋግተው የቆሙ ስምንት ፉርጎዎች አንዱ ሲፈነዳ ሌላው ስለሚከተል በደንቡ ፊት አንድ ትልቅ ፈንጂ ናቸው። በመካከላቸው በቂ ርቀት ካለ፣ ወይም ወፍራም የአፈር ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ከቆመ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆጠራል። በጥይት ማከማቻዎች ያለው ሐዲድ ዋናው መሥመር መሐል ሆኖ ቅርንጫፎች ግራና ቀኝ የሚወጡለት በዚህ ምክንያት ነው። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጥቂት ፉርጎዎች ብቻ ይቆማሉ። ከሁሉም የራቀ አንድ ሌላ ቅርንጫፍ ደግሞ አለ፤ ማኅተሙ የተሰበረ፣ የሚያፈስ ወይም በሌላ ምክንያት የተጠረጠረ ፉርጎ ለብቻው የሚወሰድበት ነው።

ይህ ደንብ በአንድ ቢሮ ተቀምጦ የታሰበ አይደለም። በ1926 ሐምሌ ወር፣ ሌክ ዴንማርክ በተባለው የባሕር ኃይል የጥይት ማከማቻ ላይ መብረቅ ወደቀ። እሳቱ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ተሸጋገረና ሰፈሩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች ሆኑ። በ1928 የፈንጂ ደኅንነትን የሚቆጣጠር ቋሚ ቦርድ ተቋቋመ፤ ዛሬም አለ። በ1930 ደግሞ ባሕር ኃይሉ አዲስ ማከማቻ ከፈተ፤ ከባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀ፣ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ያለው ሆቶርን ነው። መርከብ በዓይኑ የማያይ የባሕር ኃይል ሰፈር ነበር፤ ከመርከቡ ጋር ያገናኘው የባቡር ሐዲድ ብቻ ነው። በ1977 መደበኛ ጥይት የመጠበቁ ሥራ ለምድር ጦሩ ሲጠቃለል ሆቶርንም ወደ ምድር ጦሩ ተዛወረ።

ወደ ሎኮሞቲቩ ልመለስ። እነዚህ ሎኮሞቲቮች ትንንሽ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ40 እስከ 120 ቶን የሚመዝኑ ናቸው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ከ1940 ጀምሮ የሠራው ባለ 44 ቶኑ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ክብደቱ ለምን 44 ሆነ ቢባል የሠራተኛ ጉዳይ ነው። በ1937 የባቡር ኩባንያዎችና ማኅበራት በተስማሙት መሠረት ከ90,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ሎኮሞቲቭ ከነጂው ሌላ ረዳት ሊኖረው ይገባ ነበር። ባለ 44 ቶኑ 88,000 ፓውንድ ነው፤ ከወሰኑ በትንሹ ዝቅ ብሎ በአንድ ነጂ እንዲሠራ ታስቦ የተቀረጸ ነው። ሁለት የካተርፒላር ሞተር አለው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያወጣዋል። ፈንጂ መሐል ለሚሠራ ሎኮሞቲቭ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ መሐል መንገድ ላይ ተበላሽቶ መቆም ማለት የጥይት ፉርጎውን በማይፈቀድ ቦታ ማቆም ማለት ነውና። የባሕር ኃይል ሎኮሞቲቭ በቁጥሩም ይለያል፤ ቁጥሩ የሚጀምረው በ65 ነው። ዛሬ በየሙዚየሙ ያሉት አሮጌዎቹ ያንኑ ቁጥር እንደተሸከሙ ናቸው።

ፈንጂና እንፋሎት ባቡር እሳትና ጭድ ናቸው። ስለዚህ ዲዝል ከመስፋፋቱ በፊት በጥይት ፋብሪካዎች እሳት የሌለው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ይሠራ ነበር። ከድንጋይ ከሰል ማንደጃ ይልቅ ትልቅ ታንከር ብቻ አለው፤ ግቢው ውስጥ ካለ ቋሚ ማሞቂያ በኃይል የተጨመቀ እንፋሎትና የፈላ ውኃ ይሞላለታል፤ ያ እስኪያልቅ ድረስ ለሰዓታት ይሠራል። ዲዝሉ ሲመጣም ከጭስ ማውጫው የእሳት ፍንጣሪ እንዳይወጣ ማጥመጃ ተገጠመለት።

ፉርጎውም የራሱ ምርመራ አለው። ጥይት ከመጫኑ በፊት ወለሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ ይፈተሻል፤ ወለሉ እንጨት ከሆነ ከፍሬኑ የሚበር ፍንጣሪ እንዳያቃጥለው በጎማዎቹ ላይ የብረት መከላከያ ሊኖር ይገባል። ሲያልፍ የምስክር ወረቀት በግራና በቀኝ ጎኑ ይለጠፍበታል። ከባቡር ጋር ሲቀጠልም የባቡሩ ርዝመት ከፈቀደ ከሎኮሞቲቩ ስድስተኛ ወይም ከዚያ በኋላ መሆን አለበት፤ ሰው ካለበት ፉርጎም እንደዚሁ። ሌሎች ፉርጎዎች እየተለቀቁ በራሳቸው ሄደው እንዲጋጠሙ ይደረጋሉ፤ የጥይት ፉርጎ ግን እየሄደ አይፈታም፣ በቀስታ ተገፍቶ ይቀጠላል።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ሥራው የማሽን ሥራ ይመስላል። ፉርጎውን ከፍተው የሚያራግፉት ግን ሰዎች ናቸው። ስለ ባሕር ኃይል ሐዲድ የሚጽፍ ሁሉ ፖርት ቺካጎን አልፎ መሄድ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ፖርት ቺካጎ በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ከፍ ብሎ ባለው ሱሱን ባሕረ ሰላጤ ዳር የነበረ የባሕር ኃይል የጥይት ወደብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ፓሲፊክ የሚሄደው ጥይት ከሆቶርንና ከሌሎች ቦታዎች በባቡር ይመጣ ነበር። ፉርጎዎቹ መጀመሪያ በኮንክሪት ግድግዳዎች መካከል ይቆማሉ። ተራቸው ሲደርስ የባሕር ኃይሉ ሎኮሞቲቭ ወደ መርከብ መጠጊያው ይገፋቸዋል፤ በመጠጊያው ላይ ሦስት ሐዲዶች ጎን ለጎን ነበሩ። ፉርጎው ሲከፈት ቦምቦቹ በመንገድ እንዳይነቃነቁ በእንጨት ተጠብቀው ይገኛሉ። ሠራተኞቹ በብረት ዘንግ እየፈለቀቁ ያላቅቋቸዋል። ትላልቆቹ ቦምቦች ከፉርጎው በር በተዘነበለ ሳንቃ ተንከባለው መድረኩ ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያ በመረብ ተይዘው በመርከቡ ክሬን ወደ ሆዷ ይወርዳሉ።

ይህን የሚያደርጉት ጥቁር አሜሪካውያን መርከበኞች ነበሩ፤ አዛዦቻቸው ነጮች። ጥይት ስለ መጫን የተሰጣቸው ሥልጠና አልነበረም። አዛዦቹ የትኛው ቡድን በሰዓት ብዙ ቶን እንደጫነ በሰሌዳ እየጻፉ ያወዳድሯቸው ነበር፤ ከዚያም አልፈው በገንዘብ ይወራረዱባቸው ነበር። ርቀት ቢጠበቅ፣ ግድግዳ ቢቆም፣ ፉርጎ ቢፈተሽ፣ ሠራተኛውን በውድድር የሚያጣድፍ አለቃ ካለ ደንቡ ምን ይረባል?

1944፣ ሐምሌ 17፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከ18 ደቂቃ። ኢ. ኤ. ብራያን የተባለችው መርከብ 4,600 ቶን ገደማ ጥይት በሆዷ ይዛ ነበር። ኩዊኖልት ቪክቶሪ በመጠጊያው ሌላኛው ጎን ልትጫን ተዘጋጅታለች። በመካከላቸው፣ በመጠጊያው ሐዲዶች ላይ፣ 430 ቶን የያዙ 16 ፉርጎዎችና አንድ ሎኮሞቲቭ ቆመዋል። ፍንዳታው ሁሉንም ወሰደ። ብራያን ያለ ምልክት ጠፋች፤ መጠጊያው፣ ሐዲዱ፣ ሎኮሞቲቩ፣ ፉርጎዎቹ አልተረፉም። 320 ሰዎች ሞቱ፤ 202ቱ ጥቁር መርከበኞች ነበሩ። ከሟቾቹ መካከል ባቡሩን ያንቀሳቅሱ የነበሩ ሦስት የሲቪል ሠራተኞችም አሉ። ማንነቱ ሊለይ የቻለ አስከሬን 51 ብቻ ነው። ምን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፦ ርቀው፣ በኮንክሪት ግድግዳዎቻቸው መካከል ቆመው የነበሩት ፉርጎዎች ጎናቸው ወደ ውስጥ ተጨራመተ እንጂ አልፈነዱም። ርቀቱና ግድግዳው ሥራቸውን ሠርተዋል። የጠፋው የተጠጋጋው ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሕይወት የተረፉት ወደ ሌላ ወደብ ተወስደው እንደገና ጥይት እንዲጭኑ ታዘዙ። ነጮቹ መኮንኖች ዕረፍት ሲሰጣቸው እነርሱ ተከለከሉ። 258ቱ እምቢ አሉ። 208ቱ በቀላል የጦር ፍርድ ቤት ተቀጡ፤ 50ዎቹ በአመፅ ተከስሰው ተፈረደባቸው። ችሎቱን ከተከታተሉት አንዱ በኋላ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ቱርጉድ ማርሻል ነው፤ ፍርድ ላይ ያለው የባሕር ኃይሉ ፖሊሲ እንጂ 50ዎቹ ሰዎች አይደሉም በማለት ተናገረ። የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ካርሎስ ዴል ቶሮ ቀሪዎቹን 256 ሰዎች ከጥፋት ነጻ ያወጣው በ2024 ሐምሌ 17 ነው፤ ልክ በሰማንያኛ ዓመቱ። ከተፈረደባቸው መካከል ያን ቀን ያየ አንድም አልነበረም።

የፖርት ቺካጎ ከተማም አልቀረላትም። ወደቡ ተጠግኖ ሥራ ከቀጠለ በኋላ ከተማዋ ለፈንጂው ቅርብ ናት ተባለ። መንግሥት በ1968 ቤቶቹን በሙሉ ገዝቶ አፈረሳቸው። የርቀት ደንብ ሁለት መንገድ አለው፤ ጥይቱን ከሰው ማራቅ ወይም ሰውን ከጥይቱ ማራቅ። እዚህ ሁለተኛው ተመረጠ፤ ነዋሪዎቹ እስከ መጨረሻው ተቃውመው ነበር።

የዚያው ሰፈር ሐዲድ አንድ ተጨማሪ ታሪክ አለው። ኮንኮርድ ከሚባለው የውስጥ ማከማቻ ወደ ወደቡ የሚሄደው መሥመር በአንድ ቦታ የሕዝብ መንገድ ያቋርጥ ነበር። በ1980ዎቹ ወደ መካከለኛው አሜሪካ የሚላከውን መሣሪያ የሚቃወሙ ሰዎች እዚያ ሐዲዱ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። መስከረም 1 ቀን 1987፣ ቬትናም የዘመተው የቀድሞ የአየር ኃይል መኮንን ብራያን ዊልሰን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ የባሕር ኃይሉ ባቡር መጣ። ፍጥነቱ ከተፈቀደው፣ ማለትም በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እጅግ ይበልጥ ነበር፤ አልቆመምም። ሁለቱ ሲያመልጡ ዊልሰን ሁለቱንም እግሮቹን ከጉልበቱ በታች አጣ፤ ከሞት ግን ተረፈ። የባቡሩ ሠራተኞች፣ ተቃዋሚዎች ባቡሩ ላይ እንዳይወጡ ሲባል ባቡሩን እንዳያቆሙ መታዘዛቸውን ተናገሩ። ከቀናት በኋላ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መጥቶ ከሐዲዱ የተወሰነውን ነቀለው።

ይህ ጉዳይ የባለቤትነትን ነገር ከየትኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያሳያል። ሌላ ቦታ ቢሆን ኩባንያው ጭነቱ የእኔ አይደለም፣ ጦሩም ነጂው የእኔ አይደለም ባሉ ነበር። ኮንኮርድ ላይ ግን ሐዲዱ፣ ሎኮሞቲቩ፣ ነጂው፣ ጭነቱ፣ ትእዛዙ ሁሉ የባሕር ኃይሉ ነበር። ኃላፊነቱን የሚያስተላልፍለት ሌላ አካል አልነበረም፤ መንግሥት በመጨረሻ ከዊልሰን ጋር በካሳ ተስማማ።

በዋሽንግተን ግዛት ያለው አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሼልተን ከተማ ተነሥቶ ወደ ብሬመርተን የመርከብ ጥገና ግቢና ወደ ባንጎር የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ሰፈር የሚሄድ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መሥመር አለ። ባሕር ኃይሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ሠራው፤ እስከ ዛሬም የእርሱ ንብረት ነው። የሚያሠራው ግን በውል የያዘ የግል ኩባንያ ነው፤ ሐዲዱ የጦሩ፣ ሎኮሞቲቩ የኩባንያው ሆነ ማለት ነው። በ1980ዎቹ በዚህ መሥመር ነጩ ባቡር ይባል የነበረው ይመጣ ነበር። ቴክሳስ አማሪሎ አጠገብ ካለው ፓንቴክስ ፋብሪካ የኑክሌር ቦምብ ጭኖ የሚመጣ፣ ጠባቂዎች ያሉበት ባቡር ነው፤ ባለቤቱም የኢነርጂ ሚኒስቴር ነበር። በየመንገዱ ያሉ የሰላም ተቃዋሚዎች እርስ በርስ እየተጠራሩ ጉዞውን ይከታተሉት ጀመር። ነጭ ስለሆነ ከሩቅ ይታወቅ ነበርና ቀለሙ ተለወጠ፤ እሱም አልበቃ ብሎ በ1987 ጭነቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ከባድ መኪና ዞረ።

በመኪና የማይዞር አንድ ጭነት ግን ቀርቷል። በኑክሌር የሚሠሩ ሰርጓጅ መርከቦችና አውሮፕላን ተሸካሚዎች ነዳጃቸው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሲያልቅ በመርከብ ጥገና ግቢ ይወጣል። ብሬመርተን፣ ኖርፎክና ፖርትስመዝ ካሉት ግቢዎች ተነሥቶ በሙሉ የሚሄደው ወደ አይዳሆ በረሃ፣ ወደ ባሕር ኃይሉ የሬአክተር ተቋም ነው። ከፐርል ሃርበር የሚወጣው መጀመሪያ በመርከብ ብሬመርተን ይደርሳል፤ ከዚያ በባቡር ይቀጥላል። ነዳጁ የሚገባበት የብረት መያዣ፣ ኤም 140 የሚባለው፣ ሲሞላ ከ150 ቶን በላይ ይመዝናል። በአሜሪካ አውራ ጎዳና ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው የከባድ መኪና ጠቅላላ ክብደት 36 ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ብዙ አክስል ያለው የባሕር ኃይል ፉርጎ ይሸከመዋል፤ የባሕር ኃይል ጠባቂዎች በሌላ ፉርጎ ሆነው ይከተሉታል፤ የግል ሎኮሞቲቭ ይጎትተዋል። ለጠባቂዎቹ ባለ ስምንት አክስል አዲስ ፉርጎ ከኢነርጂ ሚኒስቴር ጋር በጋራ ተሠርቷል። ከ1957 ጀምሮ እንዲህ ተጭነው የሄዱት መያዣዎች ከ800 በላይ ናቸው። የሰርጓጅ መርከቡ ሬአክተር ክፍል ራሱ ግን ነዳጁ ከወጣለት በኋላ በባቡር አይሄድም፤ ለሐዲድ በጣም ትልቅ ስለሆነ በጀልባ ተጭኖ፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ሽቅብ ወደ ሃንፎርድ ይወሰዳል።

አይዳሆም ቢሆን የመጨረሻው ቦታ አልነበረም። በ1995 ግዛቱ፣ ባሕር ኃይሉና የኢነርጂ ሚኒስቴሩ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ነዳጁ እስከ 2035 መጀመሪያ ድረስ ከግዛቱ እንዲወጣ ተዋዋሉ። ይሄድበታል የተባለው ኔቫዳ ያለው የያካ ተራራ ነበር፤ ኮንግረስ በ2002 አጸደቀው፤ ከ2010 ወዲህ ግን ሥራው ቆሟል። ቀደም ሲል በ2008 በስምምነቱ ላይ የተጨመረው አንቀጽ ባሕር ኃይሉ ከ2035 በኋላም የተወሰነ መጠን አይዳሆ ውስጥ እንዲያቆይ ይፈቅዳል። ፉርጎዎቹ አሁንም ወደ አይዳሆ ይገባሉ፤ ከአይዳሆ የሚወጣበት ሐዲድ መድረሻ ግን ገና አልተመረጠለትም።